ለወፍ የተሰቀለ ሞራ

«ጋሼ፣ ውሻ ገዙ እንዴ?»

«የምን ውሻ?»

«ታዲያ ይሄ የሰቀሉት ሞራ ለማን ነው?»

«ለወፍ።»

የቀለዱብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። የእርስዎ ወፎች አይጾሙም?»

እሳቸው ግን አልሳቁም።

ይህ የሆነው እዚሁ ሰሚት፣ ከግቢያችን አጥር ማዶ ነው። በሌሊት እንዳይመስላችሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ከራሴ ፈጥሬ የምጽፍበት ችሎታ የለኝም። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጎረቤቴ ጋሽ ገብረሃንስ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር ናቸው። ባለቤታቸውን እትዬ ወርቄን ስትሮክ ከመታቸው አራት ወር ሆኗል። አይናገሩም። ጣታቸውን እንኳ አያንቀሳቅሱም።

አንድ ቀን ግን ድንቢጥ መስኮቱ ላይ ስታርፍ፣ እትዬ ወርቄ ዓይናቸውን ወደሷ አዞሩ።

በቃ... ከዚያ ወዲያ ጋሽ ገብረሃንስ ሌላ ሥራ የላቸውም። ውጭ አገር ሰዎች ወፍ በሞራ እንደሚጠሩ ስልካቸው ላይ አዩ። ከሥጋ ቤት እየለመኑ፣ በሽንኩርት መረብ እየቋጠሩ፣ ከመስኮቱ ውጭ ይሰቅሉ ጀመር።

ወፎቹ መጡ።

ደስ አለን። ግን ውሎ ሲያድር ልብ አልኩ... ያ ሁሉ ወፍ የአጥሩ ሽቦ ላይ ተደርድሮ፣ አንዱም አይጮህም።

አንዱም ሞራውን አይነካም።

ሁሉም የሚያዩት መስኮቱን ነው።

ሞራው ግን በየቀኑ ይጎድላል።

«አይጥ ነው» አሉ ጋሽ ገብረሃንስ።

መረቡን ገልጬ አየሁት። የጥርስ ምልክት አለበት። ሰፊ ነው። እንዲህ ያለ አፍ ያለው አይጥ እኔ አላውቅም።

በማግስቱ እንደ ልማዴ እትዬ ወርቄን ላገላብጥ ገባሁ። ከንፈራቸው ያብለጨልጫል። በጣቴ ነካሁት...

ሞራ ነው።

መስኮቱ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ጋሼ... አቅምሰዋቸዋል?»

«ውሃ እንኳ በሲሪንጅ ነው የምትወስደው፣ እንቁ» አሉኝ በሹክሹክታ። ከዚያ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ቁጭ አሉ። «አባትሽ ሞራ ያነቡ ነበር አላልሽኝም?»

ስንት ዓመት የሳቁብኝ ሰውዬ ናቸው ይህን የሚጠይቁኝ። አባቴ በአገር ቤት የታረደ በግ ሞራ ዘርግተው፣ የደም ሥሩን እያዩ መጪውን የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ለእኔም አሳይተውኛል። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ከልክለውኛል፤ ሞራ ላይ አትዋሺ።

ጋሽ ገብረሃንስ በግ አሳረዱ። ሞራውን ሳይቀድዱ በሁለት እጃቸው ብርሃን ላይ ዘረጉልኝ።

«ትድናለች?»

አየሁት። አባቴ መቃብር የሚሉት ጥቁር ነጥብ መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል።

ዓይኔን ከሞራው አነሳሁ።

«እንቁ... ልጅ የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ያለችኝ እሷ ናት። እባክሽ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

«በሦስተኛው ቀን ተነስተው መስኮቱ ጋ ይቆማሉ» አልኳቸው።

ያ ኩሩ ሰው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በግድ ነው ያነሳኋቸው። ከዚያ ያንኑ ሞራ ወስደው ሰቀሉት።

ሦስተኛው ቀን... ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ሽቦው ላይ አንድም ወፍ የለም።

ቀና አልኩ።

እትዬ ወርቄ መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ቀጥ ብለው። መስታወቱ ውስጥ ሆነው ያዩኛል።

ያኝካሉ።

የማሰጣውን ልብስ መሬት ጥዬ ሮጥኩ። ዋሽቼ ሳበቃ እግዜር እውነት አደረገልኝ እያልኩ ነበር የምሮጠው።

ጋሽ ገብረሃንስ መኝታ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሳህን አለ። ሳህኑ ላይ በትንንሹ የተከተፈ ሞራ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ...»

ከትከሻቸው በላይ አልጋው ታየኝ።

እትዬ ወርቄ አልጋው ላይ ተኝተዋል። ብርድ ልብሱ እስከ ደረታቸው ተስቧል። አገጫቸው በነጭ ጨርቅ ከአናታቸው ጋር ታስሯል፤ የሞተ ሰው እንደሚታሰረው።

መስኮቱ ጋ ደግሞ... ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ እትዬ ወርቄ ቆመዋል።

የማኘክ ድምፅ ይሰማኛል።

«ጋሼ...» በጣቴ ወደ መስኮቱ ጠቆምኩ። «እዚያ የቆሙት... ማን ናቸው?»

ጋሽ ገብረሃንስ ዞር ብለው አላዩም። ከሳህኑ አንድ ቁራጭ አነሱ።

«ወርቄ ናታ። ትቆማለች ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? እኔ የማላውቀው አልጋው ላይ ያለችውን ነው።»