የብራና ጸሐፊው ካፖርት

ታምኑኛላችሁ ብዬ አይደለም የምጽፍላችሁ። እኔም ሰው ቢነግረኝ ስቄ አልፈው ነበር። ግን ሆኗል። የሆነውም በእኔ ላይ ነው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላ፣ የጎረቤት ራዲዮ እየጮኸ...

የምሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ባለቤቱን ጋሽ መቀስ እንላቸዋለን፤ ምላሳቸውም እንደ መቀሳቸው ይቆርጣል። እኔ ግራኝ ነኝ። ክር ስቋጥር ቋጠሮዬ ከሰው ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚወድቀው።

"ያንተን ቋጠሮ በጨለማ ብዳብሰው አውቀዋለሁ" ይሉኛል ጋሽ መቀስ። "አንደበት ብቻ ነው የነሳህ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ አንተ ግን ልትነቅዝ ነው!"

ዓይን አፋር ነኝ፤ ምን ላድርግ?

ጋሽ መቀስ እማማ ቤት የላኩኝም ለዚሁ ነው። እማማ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አይሁዳዊት ናቸው። አሻንጉሊት ይሰበስባሉ። "ወሬ የማያበዛ ልጅ ላክልኝ፤ ልብሳቸውን የሚጠግንልኝ" ብለዋቸው ነበር።

አሻንጉሊቶቹ የልጅ መጫወቻ አይደሉም። አይሁዶች ከኖሩበት አገር ሁሉ የተሰበሰቡ ናቸው። ግንባሯ ላይ ብር የደረደረች ሙሽራ አለች። የሰንበት ሻማ ለኩሳ ዓይኗን በመዳፏ የሸፈነች እናት አለች። ቫዮሊን ይዞ አንድ እግሩን ያነሳ የሰርግ አጫዋችም አለ።

ከሁሉም ዳር የላባ ብዕር የያዘ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ብራና ጸሐፊ ተቀምጧል።

"የሙሽራዋ ልብስ የአያቴ ሰፈር ልብስ ነው" አሉኝ እማማ። "ሰፈሩ ዛሬ የለም። ሰዎቹም የሉም። ቀሚሳቸው ግን ይኸው።"

ያን ቀሚስ ብል በልቶት ነበር። ጠርዙን ስዘመዝም ዓይኔ ጸሐፊው ላይ ዐረፈ።

ካፖርቱ በቀኝ ደረቱ በኩል ተቀዷል...

ብል የበላው አይመስልም። ምስማር የያዘውም አይመስልም። አንድ ሰው በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች የሸረከተው ይመስላል።

የተቀደደ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። መርፌዬን ሳነሳ እማማ እጄን ያዙኝ።

"ማነው የቀደደው?" አሉ በሹክሹክታ።

"እኔ አይደለሁም እማማ። እናቴ ትሙት!"

"በእናት አትማል!"

ደነገጥኩ። እሳቸውም ደንግጠዋል።

"እኛ ሰው ሲሞትብን ልብሳችንን እንቀድዳለን" አሉኝ። "ለወንድም፣ ለእህት በቀኝ በኩል ነው። ለእናትና ለአባት በግራ፣ በልብ በኩል። የቀኙ ጊዜው ሲደርስ ይሰፋል። የግራው ግን እንደ አዲስ ተደርጎ አይሰፋም። ምልክቱ ዕድሜ ልክ ይታያል።"

"ለምን?"

"እናት ትተካለች እንዴ ልጄ?"

ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። "ትናንት ደህና ነበር። ደግሞ ማን ሞተብኝና..."

ስልኩ ጮኸ።

ስለ ወንድማቸው ነበር። ባህር ማዶ፣ በዚያው ጠዋት... አርፏል።

የሐዘኑ ጊዜ ሲያልፍ እማማ መልሰው አስጠሩኝ። "የቀኙን ስፋልኝ፤ ጊዜው ደርሷል።"

ጸሐፊውን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ደረቱን አየሁት።

በግራም ተቀዷል።

እማማ ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱት።

"የእኔ እናትና አባት ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል" አሉ። ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ወደ እኔ።

"እናት አለህ ልጄ?"

አለችኝ። በዚህ ዓለም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። የሰው ልብስ አጥባ ያሳደገችኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ስትስል የከረመች እናት።

"ሂድ!" አሉኝ። "አጠገቧ ቁጭ በል። ታክሲ ልጥራልህ። ያንን ደግሞ እንዳትነካው። ሰምተኸኛል?"

ስልኩ ወዳለበት ክፍል ገቡ። ታክሲው ቆየ...

ሰምቻቸዋለሁ። ግን ቀዳዳው ካልኖረ ሞቱም አይኖርም ብዬ አሰብኩ። ልብስ ሰፊ ሌላ ምን ያስባል?

ከካፖርቱ ጠርዝ ጥቁር ክር መዘዝኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ሰፍቼ አላውቅም። የአሻንጉሊቱ ሆድ ሰጋቱራ ነው፤ ዳብሼ አውቀዋለሁ። መርፌው ግን የገባው...

ለስላሳ ነገር ውስጥ ነው።

ቋጠርኩት። በግራ እጄ።

የዚያን ጊዜ ነው ዘጠኝ ሰዓት የሆነው። ራዲዮው ሰዓቱን ሲናገር ሰምቻለሁ።

ቤት ስደርስ ጎረቤታችን በሩ ላይ እያለቀሰች ትስቃለች።

"አንተ ልጅ፣ እናትህ እኮ ሞታ ተነሳች! እጄ ላይ ትንፋሿ ጠፋ። ልጮህ አፌን ስከፍት... ብድግ አለች!"

"መቼ?"

"አሁን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ!"

እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። የደስታ ለቅሶ ነበር። አምላክ ያውቃል፣ የደስታ ነበር።

"መጣህ?" አለችኝ።

ማታ ሳሏ የለም። ደስ አለኝ።

ጠዋት ስነሳ እዚያው ወንበር ላይ ናት። እጆቿ ጉልበቷ ላይ እንደነበሩ ናቸው።

"እማዬ፣ አልተኛሽም እንዴ?"

"መጣህ?"

ምግቡ እንዳቀረብኩት አደረ። ውሃውም። እጇን ስይዘው ይቀዘቅዛል፤ ትቼው ስነሳ ደግሞ እንደያዝኩት አየር ላይ ይቀራል።

"እማዬ፣ የሚያምሽ አለ?"

"መጣህ?"

ወደ እማማ ሮጥኩ። በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝ።

"ሰፋኸው" አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

"እማማ፣ ይፍቱልኝ..."

ጸሐፊውን አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። በቀኝ የተቀደደው አለ። በግራ ግን የለም። ቀዳዳውም፣ ስፌቴም፣ የግራ ቋጠሮዬም የለም። ካፖርቱ በዚያ በኩል መርፌ ነክቶት አያውቅም።

"የሰፋሁት የት ሄደ?"

እማማ ጸሐፊውን መልሰው ተቀበሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ቤትህ ፈልገው" አሉ በመጨረሻ። "ስታገኘው በሰፋህበት እጅ ፍታው። ከዚያ አልቅስላት ልጄ። ያላለቀስክላት አንተ ነህ።"

ቤት ገብቼ የእማዬን የደረት አዝራር ፈትቼ ልብሷን ገለጥ አደረግኩ። በግራ በኩል፣ ከአንገት አጥንቷ በታች።

ጥቁር ክር ነው። ስፌቱ ያምራል። ቋጠሮው ተገልብጦ ወድቋል።

ልብሷ ላይ አልነበረም የተሰፋው...

አልፈታሁትም። አልቻልኩም። ጋሽ መቀስ "የት ጠፋህ? በቃ ነቀዝክ ማለት ነው?" ብለው ሰው ልከውብኛል። ጎረቤታችንም እናትህ እንዴት ናት ስትለኝ ደህና ናት እላታለሁ።

ዛሬም ይህን ስጽፍላችሁ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እማዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። የደረቷን አዝራር ዛሬ እኔ አልፈታሁትም። ራሷ ናት የፈታችው።

"መጣህ?" አላለችም። ታየኛለች ብቻ።

ደረቷ አይነሳም፤ አይወርድም።

ከቋጠሮው የተረፈው፣ ለመፍታት የምይዘው የክሩ ጫፍ ግን...

ከውስጥ የሚስበው ያለ ይመስል፣ ቀስ እያለ እየገባ ነው።