የማክሰኞው ቅጽ ሰባተኛ ሣጥን

ጸሐፊዋ የተዛነፈውን መስመር ያየችው ማኅተም ከመታችበት በኋላ ነበር። የማክሰኞው ቅጽ ላይ «ጠዋት፣ ቀንና ማታ በቂ ውሃ ጠጥተዋል» ከሚለው ረጅም መስመር «ጠጥተዋል» ብቻዋን ወደ ታች ወርዳለች። ወረቀቱ ግን ፖሊስ እጅ ገብቷል።

በአረጋውያን መጦሪያው ክፍል ቁጥር አራት የሚኖሩት እማማ ሐሙስ ጠዋት ሞተው ተገኙ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ አንሶላው ከቁስላቸው ጋር ተጣብቆ ነበር። ሽታው እንዳይወጣ ከበሩ ሥር በውጭ በኩል ፎጣ ተወትፎበታል። ሐኪሙ «የውሃ ጥም» ብሎ ጻፈ።

አስታማሚዎቹ የሰጡትን እንክብካቤ በየቀኑ ኮምፒውተር ላይ ይሞላሉ፤ ጸሐፊዋ አትማ ማኅተም ትመታለች። የማክሰኞና የረቡዕ ቅጾች ሁሉም መስመር ምልክት ነበረበት፤ ከሥሩም የአንዲት አስታማሚ ስም።

መርማሪዋ ዓርብ መጣች። መጀመሪያ ያስጠራችው አስታማሚዋን ነው፤ ፖሊሶች ከቤቷ አምጥተዋታል።

«ሁለቱን ቀን የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ልጄ በትኩሳት ስትቃጠል ነበር። ጋሼ ‹ሰው እተካለሁ፣ ሂጂ› ብለውኝ ነው።»

«በጽሑፍ?»

«በቃል ነው እንጂ። እኔ ከታሰርኩ እኮ ልጄን የሚያያት የለም። አባት የላትም።»

ጋሼ የተባለው ሥራ አስኪያጁ መርማሪዋን ብርቱካን እየላጠ ጠበቃት። ልጣጩን የሚከምረው በሟቿ ፋይል ላይ ነበር።

«ፈቃድ አልሰጠሁም፣ እመቤቴ። ሳትሠራ ሞልታ ሄዳለች። ስሟ ይኸው።»

«ሽታው አልደረሰዎትም?»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

ጉንፋን የያዘው ሰውዬ ብርቱካኑን አሽትቶ ጎረሰ። መርማሪዋ ፊቷን አዞረች።

«የጉብኝቴን ቅጽ ኮምፒውተሩ ላይ ይሙሉልኝ። ሣጥኖቹ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።»

«ምን ይከብዳል» አለና በራሰ ጣቱ ቁልፎቹን መታ መታ አደረገ።

ቀጥላ የተጠየቀችው ጸሐፊዋ ናት።

«ቅጹ ስድስት ሣጥን ነበረው። ሐሙስ የእማማ ልጅ ‹ውሃ ማን ሰጣቸው?› ብላ ጮኻ ስትወጣ፣ ጋሼ የውሃ ሣጥን ጨምሪ አሉኝ። ፊደሉን አሳንሼ በአንድ ገጽ አስገባሁት።»

ከሰዓት በኋላ አራቱም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ የሟቿ ልጅም መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

«የማክሰኞው ቅጽ ሰባት ሣጥን አለው» አለች መርማሪዋ። «ሰባተኛው የተጨመረው ሐሙስ ነው። ስለዚህ ቅጹ የተሞላው እማማ ከሞቱ በኋላ ነው። በዘበኛው መዝገብ ደግሞ አስታማሚዋ ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና መግባቷ ነው።»

«እንግዲያ ጸሐፊዋ ናታ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ኮምፒውተሩ የእሷ አይደል? ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማሉ እንዴ?»

«ጸሐፊዋ ሣጥኑን በማውዙ ትነካዋለች፤ ምልክቱ ውስጡ ይገባል። አስታማሚዎቹም እንደዚያው። የማክሰኞው ላይ ግን ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው። ከጎናቸው ኤክስ የሚል ፊደል ተጽፏል፤ ረጅሙን መስመር ገፍቶ ቃል ያወረደው እሱ ነው። አሁን እርስዎ የሞሉልኝን ይመልከቱ።»

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ባዶ ሣጥን፣ ከጎኑ ኤክስ። ባዶ ሣጥን፣ ከጎኑ ኤክስ። እጅ ከፍንጅ።

ሥራ አስኪያጁ ጣቶቹን በሱሪው ጠረገ።

«ሰው እተካለሁ ብዬ ረሳሁት» አለ። «ረቡዕ ሲሸት... በሩን ከፍቼ ምን አያለሁ? ፎጣ አደረግሁበት።»

«ረቡዕ በሕይወት ነበሩ?»

«ያቃስቱ ነበር።»

የሟቿ ልጅ አፏን ይዛ ወጣች። ከኮሪደሩ የማስመለስ ድምፅ መጣ። ጸሐፊዋ ተከትላት ሮጠች። ሌላው ሁሉ የሰውዬውን እጅ ላለማየት ወለሉን ያያል።

«እኔስ?» አለች አስታማሚዋ ቀስ ብላ።

«አንቺማ ሂጂ ወደ ልጅሽ።»

ከመውጣቷ በፊት ግን ሌሎቹን አረጋውያን በየክፍላቸው ዞራ አየች፤ ፖሊስ ፎቶ አንስቶ የተወውን ፎጣም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው። እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች፤ ሽታው ከአፍንጫዋ አልወጣ አለ።

ሲመሻሽ ቤቷ ደረሰች። ጎረቤቷ ሕፃኗን ታቅፋ ደጃፍ ቆማ ነበር።

«ትኩሳቱ ለቋታል። ብቻ ስትጠይቅሽ ነው የዋለችው።»

ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ ፖሊሶቹ ተመልሰው ይመጣሉ?»

«አይመጡም፣ የኔ ዓለም።»

«ዝጊው ግን።»

ልጇን አንድ እጇ ላይ እንዳቀፈች በሩን ገፋ አድርጋ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።