ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ የይለፍ ቃል

«ለመላው የኮሌጃችን ማኅበረሰብ፦ ከዛሬ ጀምሮ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ተቀይሯል። አዲሱ ለማንም አይሰጥም። ቀነዓ፣ የኔትወርክ ባለሙያ።»

ማስታወቂያው ማኅተም ተመትቶበት፣ አራቱም ማዕዘኑ በፕላስተር ተለጥፎ፣ የክተት አዋጅ ይመስል ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ከሰነበተ ቀናት አልፈውታል። ዛሬ ግን የለጠፈው ሰው ከዚያው በር ጀርባ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ጂቱ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ኮሌጅ ስትደርስ ሳጅን ባይሳ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ፎቶ በቴሌግራም ብትልክልኝ ኖሮ መንገድ ላይ አይቼው እመጣ ነበር» አለችው።

«በምን ልላከው ኢንስፔክተር? ዳታ ከንጋት ጀምሮ የለም። ከጊንጪ እስከ ጌዶ ጭልም ብሏል።»

«መቋረጡን ማን አስታወቀ?»

«መቼ አስታውቀውን ያውቃሉ!»

ጂቱ ገባች። ጠረጴዛው ላይ አንድ የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ሐኪሙ አሽትቶ የአይጥ መርዝ ነው ብሏል። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ተከፍቷል፦ «የተማሪዎችን ውጤት የቀየርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።» በሩ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ፣ ያለ ቁልፍ ከውስጥ ብቻ የሚከፈት ነው። ትርፍ ቁልፉን አምጥቶ የከፈተው ዲኑ ነው።

ጂቱ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን አየች። የሻይ ብርጭቆ የተወው ክብ ምልክት ሁለት ነው። ብርጭቆው አንድ።

ሃቦኔ፣ የሟቹ ሚስት፣ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እንባዋ አልቋል።

«ራሱን ገደለ እያሉ ነው፣ እህቴ። እውነት ከሆነ ቄሶቹ ፍትሐት የለውም ይሉኛል። ለልጆቼ አባታችሁ ያለ ጸሎት ተቀበረ ብዬ ልንገራቸው?»

«ከመቀበሩ በፊት መልስ ታገኛለሽ። አዲሱን የይለፍ ቃል ለሰው ሰጥቶ ነበር?»

«ብታመም ኮሌጁ እንዳይቆም ለአንድ ሰው ብቻ ሰጠሁ ብሎኛል። ስሙን አልጠራም። ‹በሠርጌ ቀን ላቤን የጠረገልኝ› አለኝ።»

ዲኑ አቶ ወሰኑ ቃለ ጉባኤ እንደሚያነብ ሰው ነው የሚናገሩት።

«ሟቹ ታታሪ፣ ምስጉንና ታዛዥ ነበር። ውጤቱን ግን ያው እሱ ነው የቀየረው። ማስታወቂያውን ከለጠፈ በኋላ እንኳ በእሱ ስም ውጤት ተቀይሯል። የይለፍ ቃሉን ከእሱ ሌላ ማን ያውቃል?»

«እርስዎስ?»

«በፍጹም! ለዲንም አይሰጥም አለ፤ አከበርኩለት።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከሒሳብ ሹሟ ከማዕረግ ጋር ቢሮዬ ስብሰባ ላይ። ሪጅስትራሩ ኤቢሳ ለፋሲካ በሬ ሊገዛ ጌዶ ወርዷል። ከገበያው በቴሌግራም ፎቶ ለቀቀልን፤ ‹ቀንዱ አላማረኝም› ብዬ ወዲያው መለስኩለት።»

ወይዘሮ ማዕረግም ይህንኑ አጸናች። «የይለፍ ቃል? እኔ እቴ፣ ስልክ የያዝኩት ለመደወል ነው። ኧረ በሬውንማ አይቼዋለሁ! ቀይ ነው፣ ሻኛው ይኼን ያህላል። እዚያው ስብሰባው ላይ ፎቶው ላይ የልብ ምልክት አደረግኩበት።»

ኤቢሳ ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ቀልቶ ደረሰ። የቀነዓ ሚዜ መሆኑን ለማንም መንገር አላስፈለገውም፤ ሃቦኔን ሲያይ ጮኾ መሬት ላይ ወደቀ፤ ሦስት ሰው አነሳው።

«ነጋያዳ፣ ኦቦ ኤቢሳ» ብላ ጂቱ በኦሮምኛ ቀስ ብላ ሰላም አለችው። «ዛሬ የት ዋሉ?»

«ጌዶ። ከበሬዎቹ መሃል ቆሜ ፎቶ ላክሁ፣ መርዶው በስልክ ደረሰኝ። ሚዜዬን፣ ኢንስፔክተር! ካላጎረስኩት የማይበላውን!»

«ሆቴል አላረፉም? ሻይ እንኳ?»

«የምን ሻይ! ከመኪና ገበያ፣ ከገበያ መኪና።»

«የይለፍ ቃሉን ነግሮዎት ነበር?»

«ለእኔ? ለእኔም እንኳ አልነገረኝም። ወንድሜ ጥንቁቅ ነበር።»

ጂቱ ሁሉንም መሰብሰቢያ አዳራሽ ጠራች። መብራት ከሄደ ቆይቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ራውተር ዓይኑን ጨፍኗል። ሃቦኔ ጥግ ላይ ቆመች።

«ኮምፒውተር ሰው አያውቅም» አለች ጂቱ። «የሚያውቀው ስምና የይለፍ ቃል ነው። በቀነዓ ስም የተጻፈውን ሁሉ ቀነዓ ጻፈው ካልን፣ በቤቴ ቁልፍ የገባ ሌባ ሁሉ እኔ ነኝ ማለት ነው። ቀነዓ የውጤቱን ሲስተም በፋየርዎል አጥሮታል፤ ከዚህ ግቢ ኔትወርክ ውጭ አይከፈትም። ውጤት መቀየሩን ሲያይ ሌባው ከአጥሩ ውስጥ መሆኑ ገባው፤ የዋይፋዩንም የሲስተሙንም የይለፍ ቃል ቀየረ። አዲሱን ለአንድ ሰው ብቻ ሰጠ። ውጤት እንደገና ተቀየረ።»

«እኔስ ያልኩት!» አሉ አቶ ወሰኑ።

«ያኔ ሌባውን አወቀ። ግን አልከሰሰም። ያልከሰሰው ሰውዬው በሠርጉ ቀን ላቡን የጠረገለት ስለሆነ ነው። የሙሽራን ላብ የሚጠርግ ማን ነው፣ ኦቦ ኤቢሳ?»

የሁሉም ዓይን ወደ ሚዜው ዞረ።

«ብቻውን ሊያናግረው ሻይ አስቀረበና በሩን በገዛ እጁ ከፈተለት። ሁለት ብርጭቆ ነበር፤ እንግዳው የራሱን ይዞ ወጣ። ራሱን የሚገድል ሰው እንግዳ አይጋብዝም።»

«እኔ ጌዶ ነበርኩ!» ኤቢሳ ተነሳ። «ፎቶዬን ሁሉም አይቷል!»

«አይቷል። ዳታ ግን ከንጋት ጀምሮ እስከ ጌዶ ድረስ የለም። በሬ መሃል የቆመ ሰው ያንን ፎቶ በምን ላከው?»

ኤቢሳ ስልኩን አውጥቶ አየና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ዳታ መጥፋቱን ከተማው ሁሉ ያወቀው ስልኩ እምቢ ሲለው ነው» ቀጠለች። «አንተ አላወቅህም። የቆየ ፎቶህን የላክኸው እዚሁ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ይሁን ከመጋዘኑ፣ በቀነዓ ዋይፋይ ነው። በሰጠህ ቃል ገባህ፣ በሰጠህ ቃል ተያዝክ።»

ሃቦኔ አላለቀሰችም። «ፍትሐት አለው ማለት ነው?» አለች ብቻ።

«አለው።»

ባይሳ ካቴናውን ሲያስገባለት ኤቢሳ ወደ አቶ ወሰኑና ወደ ማዕረግ ዞረ። «እኔ ብቻ ነኝ?»

«ስማ፣ እኛን አትንካካን» አሉ አቶ ወሰኑ የከረባታቸውን ቋጠሮ እየነካኩ። «ያንን የይለፍ ቃል በዓይናችንም አላየነው። ሟቹን አምነን፣ አክብረን የኖርን ሰዎች ነን።»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው» አለች ማዕረግ።

መብራት መጣ፤ ዳታ ግን አሁንም የለም።

ራውተሩ ጥቂት ብልጭ ድርግም ካለ በኋላ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። መጀመሪያ የአቶ ወሰኑ ኪስ ጮኸ። ከዚያ የማዕረግ ቦርሳ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የኤቢሳ ስልክ። ከአዲስ አበባ፣ ከነቀምት፣ ከቀድሞ ተማሪዎች፣ የቴሌግራም መልእክቱ ተከታትሎ ገባ፦ ነፍሱን ይማር፤ ታማኝ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር።

አቶ ወሰኑ ኪሳቸውን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ያዙ። ስልኩ ከመዳፋቸው ሥር ይጮኻል።

ሃቦኔ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተች። የጂቱና የባይሳ ስልክ ብቻ ዝም ብሏል።