በጎደለችው ጣት ቦታ

በኮሪያዋ የዮሱ ወደብ፣ መረብ ከሚሰጣበት ዳገት ላይ፣ ቆርቆሮዋን የባሕር ጨው የበላት አንዲት ቤት ነበረች። ዓሣ አጥማጁ ፒልጉ፣ ሚስቱ ማልሱን፣ ልጃቸው ቻንጉና ታናሽ እህቱ ሚራን ይኖሩባት ነበር። ድሆች ነበሩ። ግን ቻንጉ ጊታሩን አንስቶ፣ እናቱ ሁለቱን ልጆቿን ያሳደገችበትን እሹሩሩ ስታንጎራጉር፣ በዚያ ዳገት ላይ ከእነሱ የሚበልጥ ባለጸጋ ማን ነበር? የሰጠ አምላክ ይመስገን!

ባሕር ግን ሰጥታ ትነሳለች። አንድ የክረምት ጠዋት አባትና ልጅ አብረው ወጡ፤ ማዕበሉ ቻንጉን ከጀልባዋ ላይ ጠረገው። ፒልጉ ገመድ ወርውሮለት ሲታገል፣ የመረብ መጎተቻው ማሽን የግራ እጁን ሌባ ጣት ከሥሯ በላት። ጣቲቱም ቀረች፣ ልጁም ቀረ... ሚራን በቀብሩ ዕለት “ማዕበል አለ እያልንዎት ለምን ይዘውት ወጡ?” ብላ በአባቷ ላይ ጮኸች። ከዚያ ወደ ሴኡል ሄደች፤ ለእናቷ እንጂ ለእሱ ደውላ አታውቅም። በእኛ አገር ባል ሚስቱን በስሟ አይጠራም፤ በበኩር ልጇ ስም ነው። ፒልጉ ግን ከዚያ ወዲህ “የቻንጉ እናት” ማለት አቃተው። “ስሚ” ብቻ ይላታል። የሞተ ልጅን ስም እየጠሩ እንዴት “ጨው አቀብዪኝ” ይባላል?

ዓመታት አለፉና ማልሱን በሳንባ ካንሰር ወደቀች። ሐኪሞቹ ወደ ቤቷ መለሷት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጊታር እያየች፣ “ያቺን እሹሩሩ ከነጊታሯ አንዴ ብሰማት... ሌላ ምንም አልሻ” አለች።

ፒልጉ ጊታር ነክቶ አያውቅም። ቢሆንም አወረደው። በቤተ ክርስቲያን መዝሙር በጊታር የምታጅብ አንዲት ምእመን ለዜማው የሚያስፈልጉትን ኮርዶች፣ ክሮቹ አብረው የሚያዙባቸውን የጣት አቀማመጦች፣ አሳየችው። መረብ የለመዱ ወፋፍራም ጣቶቹ አንዱን ክር ሲጫኑ ጎረቤቱን ያፍኑታል፤ ድምፁ እንደ ተሰበረ ቆርቆሮ ነው።

“አንተ ፒልጉ!” ትለዋለች ጎረቤቱ ቦንግሬ በግድግዳው ማዶ። “ድመቷ ምን አድርጋህ ነው የምታንቃት?”

“ገና እየተማርኩ እኮ ነው!”

“እስክትማር ድመቷ ትኖራለች?”

ማልሱን እስክታስል ትስቃለች። እሱም ውሎ አድሮ ከአውራ ጣቱ ሌላ በቀሩት ሦስት ጣቶቹ ኮርዶቹን አንድ በአንድ ተወጣቸው። ኤፍ የሚባለው ኮርድ ብቻ እምቢ አለ! ኤፍ ሌባ ጣት በክሮቹ ሁሉ ላይ ተጋድማ፣ ሦስቱም ጣቶች ከበላይዋ እንዲጫኑ ይፈልጋል። ያቺ ጣት ከየት ትምጣ? ዜማው እዚያ ሲደርስ ፒልጉ ዝም ይላል፤ ማልሱን ከትራሷ ሆና “እምም...” እያለች ክፍተቱን ትሞላለታለች። እየቆየ ግን ትንፋሿ አጠረ። ክፍተቱም ባዶውን ቀረ። “አምላኬ፣ ጣቴን ስትወስዳት አልተከራከርኩህም” አለ እያነባ። “ለአንዲት ዜማ ብቻ ብታውሰኝስ?”

ቦንግሬ ይህን በግድግዳው ሰማች። ቀልዷ ጠፋባት። ወደ ሚራን ደወለች። “ነይ ልጄ። አባትሽ በዚያች በጎደለች እጁ የወንድምሽን ጊታር እየተማረ ነው፤ እናትሽን ሊያሰማት። ያለ አንቺ ግን አይሞላለትም።”

ሚራን በማግስቱ ደረሰች። በሩ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ዜማው ተጀምሯል። ክፍተቱ ጋ ደረሰ... ዝም አለ። ገባችና ከአባቷ ጎን ተንበረከከች፤ ሌባ ጣቷንም የእሱ ጣት በጎደለችበት ቦታ፣ በክሮቹ ላይ አጋደመች።

“አባባ፣ የቀረውን እርስዎ ይጫኑ።”

“ሚራን... ልጄ...”

“ይምቱ አባባ። እማዬ እየጠበቀች ነው።”

መታው። ኤፍ ጮኸ፤ ጥርት ብሎ! ማልሱን ዓይኖቿን ገለጠች። ስንት ዓመት በጉሮሮው ተወትፎ የኖረው ስምም በዚያው ቅጽበት ወጣ።

“የቻንጉ እናት... ሰማሽ?”

“ሰማሁ” አለች፣ የሁለቱን እጆች በአንድ ጊታር ላይ እያየች። “ሞላ።”

በዚያው ሳምንት በሰላም አረፈች። ፒልጉና ሚራን ዛሬም ያቺን እሹሩሩ አብረው ይጫወታሉ፤ ቦንግሬም ስለ ድመት አታነሳም። እጣ ፈንታ የወሰደውን አይመልስም፤ ይህ የታወቀ ነው። ግን ጣት በጎደለበት ቦታ የልጅ ጣት ካስቀመጠ፣ ተመስገን ከማለት ሌላ ምን ይባላል?