ብሬከሩን የከደነ እጅ

የመኝታ ቤቷ ማብሪያ ማጥፊያ ልብስ ሰፊዋን ባይነዝራት ኖሮ፣ ኤሌክትሪሻኑ ያንን ደጅ ዳግም ባልረገጠ። «ልጅዎን ይስጡኝ» ብሎ የጠየቀ ጊዜ አባቷ «ሽቦ ሲነካካ የሚውል ሰው ዛሬ አለ፣ ነገ የለም» ብለው መልሰውታል። ዛሬ ግን ዳማ ሊጫወቱ ወጥተዋል።

ኮሪደሩ ላይ ያለውን የቤቱን ዋና ብሬከር አወረደ። የመኝታ ቤቱን ሽቦ በቴስተር ነካ ነካ አድርጎ መሞቱን አረጋገጠ። ከዚያ ብሬከሩ ላይ ቴፕ ለጠፈበት።

«ማንም እንዳያነሳው።»

«አባዬን ቴፕ አያቆማቸውም» አለች። መብራት ከጠፋ ማንንም አይጠይቁም፤ ሄደው ብሬከሩን ወደ ላይ ገጭ ነው። «እኔ እቆማለሁ።»

ዓይኗን ትክ ብሎ አየና ገባ።

ብዙም አልቆየ፣ የውጭው በር ተከፈተ። አባቷ በዳማ ተሸንፈው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ።

«ደሞ ጠፋ? ዞር በይ፣ ዜናው ሊያልፈኝ ነው።»

«አይሆንም አባዬ።»

ተወልዳ አይሆንም ብላቸው አታውቅም። እጃቸውን ሰደዱ። እሷ በሁለት መዳፏ ብሬከሩን ከደነችው።

«ምን ነካሽ አንቺ?»

«ሽቦውን የያዘ ሰው አለ። ይህን ካነሱት ይሞታል።»

«ማነው?»

የሆነ ሠራተኛ ነው ብላ መገላገል ትችል ነበር። አላለችም።

«እሱ ነው። እርስዎ የመለሱት። እወደዋለሁ አባዬ፣ እባክዎን እጅዎን ይሰብስቡ።»

ከውስጥ የካቻቪቴው ድምፅ ቆመ።

«ጋሼ፣ እጄን አውጥቻለሁ» አለ ኤሌክትሪሻኑ ቀስ ብሎ። «ማብራት ከፈለጉ ያብሩ።»

አባቷ እጃቸውን ሰበሰቡ። ቴፑን አዩ፤ ከዚያ ብሬከሩን ያልለቀቁትን የልጃቸውን ጣቶች አዩ።

«ሁልጊዜ እንዲህ እየተጠነቀቅህ ነው የምትሠራው?»

«ሁልጊዜ። የሚቆምልኝ ሰው ግን ዛሬ ገና አገኘሁ።»

ከሳሎን ወንበር ጎትተው አመጡና ብሬከሩ ሥር ተቀመጡ።

«ሂጂ፣ ባትሪ ያዢለት። ጨለማ ውስጥ እንዳይሳሳት።»

ባትሪውን ስታበራለት ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል። ክንዷን በክንዱ ደገፍ አደረገላት። የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀ።

ያኔ ከኮሪደሩ፣ በዕድሜያቸው ጠይቀው አብርተው የማያውቁት ሰው ድምፅ መጣ።

«ላብራ ልጄ?»

ልብስ ሰፊዋ ለመመለስ አፏን ከፈተች። አባቷ ግን ቀደሟት።

«አንቺን አይደለም። እሱን ነው።»