ጢም ያለው ሲኒ በሳግንባይ ቤት

አባባ ሳግንባይ በገዛ ትራሳቸው ታፍነው ሞተው የተገኙት ማለዳ ነው። ማዕዱ ላይ ሁለት ሲኒ ተቀምጧል፤ አንደኛው ተጠጥቶ አልቋል፣ ሌላኛው ሻዩ እስከ አፉ ጢም እንዳለ በርዷል። መርማሪዋ ሳይራጉል ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን አስተውላ አየችው። ባሏ ከሞተባት ወዲህ እሷም ሻይዋን የምትጠጣው ብቻዋን ነው፤ የብቸኛ ሰው ቤት ገና ከደጃፉ ይታወቃታል።

ሟቹ፣ ከኦሽ ከተማ በላይ ባለው ሸለቆ ናዳ ቤታቸውን ለበላባቸው ሰዎች በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራውን ቤት ማን ይሥራ ብሎ የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ጎረቤታቸው ማማትኩል በካቴና ታስሮ ቆሟል። እሱም ቤቱን ናዳ በልቶበት ሦስት የበረዶ ወራት በብረት ኮንቴይነር ያሳለፈ ሰው ነው፤ ትናንት «ቶሎ ካልመረጥክ ሬሳችንን ትቆጥራለህ!» ብሎ ሲጮህባቸው መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ፖሊሶቹ ሌላ ሰው መፈለግ አላሻቸውም።

ሳይራጉል ትናንት እዚያ ቤት የገቡትን ሦስቱንም ማዕዱ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ጮኬባቸዋለሁ እትዬ፣ አልዋሽም» አለ ማማትኩል። «እሳቸው ግን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሻይ ቀዱልኝ! ጉንጭ የማትሞላ። ጨረስኩ፤ ደግሞ ጠብታ። ተቆጥቼ ልነሳ ስል፣ ደግሞ ጠብታ!»

በእኛ በኪርጊዞች ዘንድ ትንሽ መቅዳት «ቆይልኝ፣ ደጋግሜ ልቅዳልህ» ማለት ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ አናርካን ዓይኗን ጠረገች። «እኔንም እስኪመሽ አላስነሱኝም። ‹የጅርጋልቤክን ጡብ ውሃ ውስጥ ነክሬው አደረ፤ ጭቃ ሆነ። አልፈርምለትም፤ ነገ ለኮሚቴው አሳያለሁ› አሉኝ። ስወጣ ሲኒዎቹን አጥቤ፣ ደፍቼላቸው ሄድኩ።»

ተቋራጩ ጅርጋልቤክ ሞስኮ ያደገ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። «ተሳስታለች። እኔ ቀትር ላይ መጥቼ ተስማምተናል፤ ዛሬ ሊፈርሙልኝ ነበር።»

«ሻይ እንኳ ጠብታ ነው አሉ የሚቀዱት» አለች ሳይራጉል እንደ ዋዛ። «ቋጣሪ ነበሩ መሰለኝ።»

«ለእኔ? እስከ አፉ ጢም አርገው ነው የቀዱልኝ! ለሚወዱት ሰው አይሰስቱም።»

ማማትኩል ካቴናው እጁ ላይ እንዳለ ሳቀ። አናርካን አንገቷን ደፋች።

«ወንድሜ፣ እዚህ አላደግክምና አይፈረድብህም» አለች ሳይራጉል በዝግታ። «ጢም ያለ ሲኒ ‹ጠጣና ሂድልኝ› ነው። እኚህ ሰው ብቸኝነት አንገብግቧቸው የጮኸባቸውን ማማትኩልን እንኳ አልሸኙም። የሸኙት አንተን ብቻ ነው። እንግዲያው ምን ስምምነት አለ? ደግሞ አናርካን ሲመሽ ሲኒዎቹን አጥባ ደፍታለች። ይሄኛው የተቀዳው ከዚያ በኋላ ነው። የማን እንደሆነ አሁን ራስህ ነገርከኝ። የመጨረሻው እንግዳ አንተ ነህ። ዛሬ ያንን ጡብ ለኮሚቴው ሊያሳዩብህ ነበር።»

ጅርጋልቤክ ላብ አጠመቀው። «አንድ ፊርማ ነው የለመንኳቸው... ሲጮሁብኝ፣ ዝም እንዲሉ ብቻ...»

ካቴናው ከማማትኩል እጅ ወደ ጅርጋልቤክ እጅ ተዛወረ።

የፖሊስ መኪናው ሲርቅ የመስጊዱ ሽማግሌ ብቅ አሉ። «አስከሬኑን የሚያጥብ ዘመድ የታለ?»

ግድግዳው ላይ አንድም ፎቶግራፍ አልነበረም።

ማማትኩል ብረት የፈተገውን የእጁን አንጓ አሸት አሸት አደረገና እጅጌውን ሰበሰበ።

«ውሃውን ሞቅ አድርጉልኝ» አለ። «ብርድ አይወዱም።»