የተፈታው ባሕር

ደራሹ ውሃ የመጣው ጉዞው በተጀመረ በሁለተኛው ሰዓት ነው። መጀመሪያ ድምፁን ሰሙ፤ ብዙ ከብት አብሮ የሚሮጥ ይመስላል። ቢተው ቀና ሲል ከላይ በኩል፣ በጮቄ ተራራ ወገን፣ ሰማዩ ጠቁሯል። እነሱ ካሉበት ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«አንሙት፣ ወደ ግራ ቅዘፍ!»

«ግራው ገደል ነው!»

«እንግዲያው ዛፉን ያዝ!»

ያዙ። ቡናማው ውሃ ግንድና ድንጋይ እየገፋ በጎናቸው አለፈ፤ ካያክ የሚባሉት ሁለቱ ጠባብ ቢጫ ጀልባዎች ከዋንዛው ሥር ተጣብቀው ተንገጫገጩ። አንሙት ቅርንጫፉን አንቆ ይዞ ዕቅዱን፣ አቃጁንና የአቃጁን ዘር ማንዘር ረገመ። ዝናብ በዕቅዱ ውስጥ አልነበረማ!

ያልነበረው ዝናብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቢተው ደብረ ማርቆስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከዚህ ጉዞ ሌላ ወሬ አልነበረውም። የገዝማ ወንዝን የሳተላይት ካርታ አትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፏል፤ ውሃው የሚጠብበትን በቀይ፣ የሚያድሩበትን በአረንጓዴ አቅልሟል። በየስንት ሰዓቱ ውሃ እንደሚጠጡ ሳይቀር ጽፏል። ካያኮቹን ያገኘው ባሕር ዳር አንድ ሎጅ እንግዳ አጥቶ ሲዘጋ ነው። በአይሱዙ ጭኖ ሲያመጣቸው የቁይ ከተማ ገበያተኛ ከበበው፤ አንድ ሽማግሌም «ይሄ ገንዳ ለከብት ነው?» ብለው ጠየቁ። አብሮ አደጉ አንሙት «የለም አባባ፣ ለእብድ ነው» አላቸው።

እብደቱ ግን ምክንያት ነበረው። ገዝማ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ቢተው ያደገበትን የኪዳነ ምሕረት ደብር ደን ያቋርጣል። እዚያ ደን ውስጥ ጥልቅ ውሃ አለ፤ አገሬው ባሕር ይለዋል። በዚያ ባሕር የሚኖረው ዓሣ የሰው ክንድ ያህላል፤ እንዲህ ያደገውም የሚነካው ስለሌለ ነው። ድሮ ሰዉ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ ይበትን ነበር። ብርብራ ዓሣውን ያደነዝዘዋል፤ ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ያዩት የደብሩ አስተዳዳሪ፣ የኔታ ወልደ ገብርኤል፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት መስቀላቸውን ይዘው ባሕሩን ገዘቱት። ከዚያ ወዲህ እጁን የሰደደ የለም።

አዲስ አበባ ሆና አገር ጎብኚ የምትልከው ፀደንያ ይህን ስትሰማ ለቢተው ደወለች። «መንገዱ በጀልባ እንደሚያልፍ አረጋግጥልኝ። አንድ ትልቅ ዓሣ ይዘህም በፎቶ አሳየኝ፤ በታኅሣሥ ስድስት እንግዳ እልካለሁ» አለችው። ቢተው በሕይወቱ ከዚህ በላይ የተመኘው ነገር አልነበረም። እንግዳ ከመጣ ደኑም ባሕሩም ጠባቂ ያገኛል፤ ሰዉም በሕይወት ያለ ዓሣ ከሞተው እንደሚበልጥ ያያል ብሎ አመነ።

ስለዚህ በነሐሴ ፊደል ካስቆጠሩት ከየኔታ ዘንድ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ።

«የኔታ፣ አንድ ዓሣ ብቻ ይዤ፣ ፎቶ አንስቼ፣ እዚያው እለቀዋለሁ። ግዝቱን ይፍቱልኝ።»

የኔታ ጠየቁት፦ «አስበህበታል?»

«ሰባት ወር ሊሆነኝ ነው፣ የኔታ!»

«እንግዲያው በጥቅምት በበዓሏ እፈታዋለሁ።»

ቢተው ማስታወሻው ላይ «ጥቅምት ፲፮፣ እሁድ፦ ግዝት ይፈታል» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም «ማክሰኞ፦ መነሻ»። እሁድ ዕለት ደብሩ አልሄደም። ደብረ ማርቆስ ሆኖ ዕቃ ሲሸክፍ ዋለ።

ማክሰኞ ደራሹ ውሃ ሲጎድል ቀዘፉ። ረቡዕ ጧት ደግሞ የዝንጀሮ መንጋ ከገደሉ ወርዶ ስንቃቸውን ከበበ። አንሙት መቅዘፊያውን አንሥቶ ሮጠባቸው፤ ትልቁ ወንድ ግን ከመሸሽ ይልቅ ዘሎ እጅጌውን ቦጨቀውና ጥርሱን አሳየው። ሸሺው አንሙት ሆነ። ዞር ሲሉ በሶውም ቆሎውም ከነስልቻው ገደል ላይ ነበር።

«ጾም ነው፤ ምን ቸገረህ» አለ ቢተው።

«ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሻገሪያው ጋ አምስት ሰዎች አገኙ። ሁሉም ጆንያ ተሸክመዋል፤ አፍንጫቸውን በነጠላ ጠምጥመዋል። አንሙት ገና ሳይጠጋቸው ሦስት ጊዜ አነጠሰ።

«ምንድን ነው የተሸከማችሁት?» አለ ቢተው። ሆዱ ግን አውቆታል።

«ብርብራ ነዋ!» አለ የፊተኛው፣ መሳፍንት የሚሉት ጎረምሳ። «ባሕሩ ተፈታ እኮ! እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ራሳቸው አወጁ። ሦስት ቀን ስንወቅጥ ሰነበትን። ነገ ጧት አገሩ በሙሉ ይወርዳል።»

«ለእኔ ነው የተፈታው! ለአንድ ዓሣ ነው!»

መሳፍንት ሳቀ። «ግዝት ደግሞ በስም ይፈታል እንዴ? እንግዲህ የቀደመ ያግኝ!»

ሰዎቹ ካያክ በማያወጣው አቋራጭ ዳገት ወጡ። ቢተው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ አፈረ፣ ተናደደ፣ የሚናደድበትን ሰው ግን አጣ። ካህን እንደ ቀበሌ ለአንድ ሰው ፈቃድ አይጽፍም። ይህን ደግሞ በዚያ ደብር ያደገ ሰው ሊያጣው አይገባም ነበር።

ከፊታቸው በካርታው ላይ በቀይ የተቀለመው ጉሮሮ አለ፤ ወንዙ በሁለት ገደል መካከል ተጠብቦ የሚንደረደርበት። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ከአፉ ላይ ቆሙ።

«ዕቅዱ ካያኩን ተሸክመን በእግር እንዙር ይላል» አለ አንሙት።

«በእግር ከዞርን እኩለ ቀን ይሆናል፤ ብርብራውን ሳይበትኑ መድረስ አለብን። ዕቅዱን ተወው።»

ገቡ። ውሃው ነጥቆ ወሰዳቸው፤ ድንጋዩ እየመጣ በጆሯቸው ሥር ያልፋል። ቢተው በመቅዘፊያው ገፋ፣ ጎነበሰ፣ ተገለበጠ፣ ተመልሶ ቀና አለ። ከኋላው አንዳች ነገር ሲሰበር ሰማ። የአንሙት ካያክ ከሁለት ተከፍሏል፤ አንሙት በአንድ እጁ ቋጥኝ አቅፎ ተንጠልጥሏል፤ ሌላው እጁ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

«ሂድ!» ብሎ ጮኸ አንሙት። «ደርሰህ ከልክላቸው!»

ቢተው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ አንዴ ተመለከተና ወደ ቋጥኙ ቀዘፈ። ጓደኛውን ጎትቶ አወጣ፤ እጁን በቀበቶ አስሮ በተረፈችው ካያክ ላይ አስተኛው፤ ራሱ አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ እየገፋ ሄደ። ፀሐይዋ ዛፎቹን አልፋ ነበር።

ደኑን ሲታጠፉ መጀመሪያ የሰሙት ዘፈን ነው። ባሕሩ በዓሣ ሆድ ነጭ ሆኗል። ወንዱ እየገባ በቅርጫት ያፍሳል፤ ሴቱ ዳር ላይ እሳት አንድዷል። ጣት የሚያህሉትን ግልገሎች የሚያነሣቸው የለም፤ በሺህ እየሆኑ በውሃው ይወሰዳሉ። የአገሩ ወጌሻ አንሙትን ተቀበለው። ቢተው ልብሱ እየተንጠባጠበ፣ ዣንጥላቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ከተቀመጡት ከየኔታ ፊት ቆመ።

«የኔታ፣ ለእኔ ብቻ ነበር እኮ የለመንሁዎ!»

«ቃሉ ከአፌ ከወጣ ለሁሉም ነው፣ ልጄ። የምታውቅ መሰለኝ።» «አስበህበታል ወይ አልሁህ። ሰባት ወር አልኸኝ፤ አመንሁህ።»

«መልሰው ይገዝቱት!»

«ምኑን? ባዶ ውሃውን?»

ወለተ ሰንበት የተባሉ አሮጊት በቅጠል የተሸፈነ ነገር በሁለት እጃቸው አቅፈው መጡ። ገለጥ ሲያደርጉት በፍም የተጠበሰ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው እሱ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ያስፈታኸው አንተ ነህ አሉ። ትልቁን ለእሱ አቆዩለት ተባብለን ነው፤ ድርሻህ ነው። ሠላሳ ዓመት የተመኘነውን አበላኸን፤ እግዜር ይስጥህ ልጄ!»

ዙሪያውን ያለው ሰው አሜን አለ። አንዱ እንኳ የሚያሾፍ አልነበረም፤ ሁሉም ከልባቸው መረቁት። ቢተው እንቢ ሊል አፉን ከፈተ። ከማክሰኞ ማታ ወዲህ ግን እህል አልቀመሰም። ተቀበለና ቆረሰ። እንባው እየወረደ በላ፤ ዓሣው ይጣፍጥ ነበር።

ሲጨርስ አሮጊቷ «ልጨምርልህ?» አሉት።

እጁን ዘረጋ።